የተነሣው ተራራ

ምናለ ጎንደር ከተማ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ካርታ ሠሪ ነበር። እጁ የቀና፣ አፉ ግን ቁጥብ ነው። አራዳ ሰፈር ሰላምታ እንኳ ቆንጥሮ የሚሰጥ ሰው እየተባለ ይታማል።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ሁለት ትልልቅ ፎቶግራፎች ከአዲስ አበባ መጡለት። ሰማይ ላይ የምትዞር ሳተላይት ያነሣቻቸው የሰሜን ተራሮች ናቸው፤ አንዱ ከአብዮቱ በፊት፣ ሌላው በቅርቡ የተነሣ። ምሁራን ሁለቱን አስተያይተው የአየሩ መለወጥ የደጋውን ተክል ምን እንዳደረገው ሊያጠኑ ነበር። የምናለ ድርሻ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ተራራው ላይ እስከ የት እንደሚደርስ ድንበሩን በስስ ወረቀት መገልበጥ ነው። እንዲህ ባለው ፎቶ ላይ ለምለሙ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። ምናለ ሥራውን ወደደው። ተራራው የግሉ ይመስል ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ከፊቱ እንደ ጅብራ ተገትሮ ይውላል።

አንድ ቀን አያ ሰጠኝ የሚባሉ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ለምርጥ ዘር ጉዳይ ወደ ቢሮው ገቡ። አገራቸው ጅብራ አፋፍ ነው፤ ከደባርቅ በላይ ያለ የገብስ አገር። ግድግዳውን አይተው ይህ ደግሞ ምንድን ነው አሉ። ምናለ ዐይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

«አገራችሁ ተነሥቶ ነው፣ አያ ሰጠኝ። ቀዩ የእናንተ ነው።»

ከዚህ ሌላ አልጨመረም፤ አያ ሰጠኝም ሌላ አልጠየቁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የዚያን ቀኑ የምናለ ዝምታ ግን አገር ሊያስርብ ምንም አልቀረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅብራ አፋፍ ማዶ ያለው መንደር በመንግሥት ትእዛዝ ከነልጁ ከነከብቱ ተነሥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ አስቀድሞ በየበራፉ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አያ ሰጠኝ አገራቸው ገብተው ተራራችን ቀይ ተቀብቷል፣ ተነሥታችኋልም ብለውኛል ሲሉ ተናገሩ። ሰዉም ለማናጭደው መሬት ዘር ማስቀመጥ ምን ይረባል አለና የዘሩን ገብስ ቆልቶ እየፈጨ ለመንገድ በሶ ይሰንቅ ጀመር። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ሞፈር የነካ ግን የለም።

ይህን ለምናለ የነገረችው ደባርቅ የምትሠራ ብርቱካን የምትባል የልማት ሠራተኛ ናት። ምናለ ሲሰማ ደነገጠ። በሰባ ሰባት ዘሩን የበላ ሰው ምን እንደደረሰበት በዐይኑ አይቷል። ለአለቃው ቢነግረው፣ ስለ መነሣት ማውራት የእኛ ሥራ አይደለም፣ ቀዩንም አትነካካ አለው፤ በዚያ ዘመን ቀይ ቀለም የመንግሥት ነበርና። ምናለ የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ፤ ፎቶዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎም አውቶቡስ ላይ ወጣ። ኮሶዬ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሲበላ እርሱ ካለበት አልተነቃነቀም፤ የሚናገረውን እየተለማመደ ነበር።

ጅብራ አፋፍ ሲደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተሰበሰበለት። ፎቶዎቹን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን በድንጋይ አስያዘ። ማንም ሰው አልተነሣም፣ የተነሣው ፎቶ ነው አላቸው። ቅጠል ዐይናችን የማያየው ብርሃን አለው፤ ሳተላይቷ ያንን ታያለች፤ እኛም እንድናየው ብለው በቀይ ቀቡት፤ ቀይ ማለት ለምለም ማለት ነው አለ። ይህ ይበቃው ነበር። ማስረጃ እጨምራለሁ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ቢያሳያቸው ከሁሉም የቀላው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ታቦቱንም ሊያስነሡት ነው ብለው ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ያኔ እማማ ሸዋገነት መጥተው ከፎቶዎቹ አጠገብ ቁጭ አሉ። ከመንደሩ ሁሉ በላይ፣ ከገደሉ ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ የቀረችው ዘራቸው በማግሥቱ ልትቆላ ነበር። ቤታቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ምናለ በስንደዶ አመለከታቸው። በድሮው ፎቶ ቀዩ ከቤታቸው በታች ያበቃል፤ በአዲሱ ግን ቤታቸውን አልፎ ሽቅብ ወጥቷል። አስታው ነው አላቸው፤ ብርዱ ስለለዘበ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሊቃውንቱ የሚከታተሉት እርሱን እንጂ ሰውን አይደለም። እማማ ሸዋገነት የድሮውን አስታወሱ። እዚያ ሲዳሩ እንጨት ፍለጋ ቁልቁል ይወርዱ ነበር፤ ዛሬ አስታውን ከጓሯቸው ይለቅማሉ።

«እንግዲያ የተነሣው ውርጩ ነው በለኛ» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«ነገርህስ ሸጋ ነው፣ ልጄ። ሰማይ ላይ ያለችዋን ግን ዋስ አልጠራትም። አንተ ዋስ ትሆናለህ?»

ምናለ ጭንቅ ያዘው። መንግሥት ነገ አያስነሣችሁም ብሎ መማል አይችልም፤ ይህንኑ አልደበቃቸውም። ይህ ቀይ የማስነሻ ቀለም ላለመሆኑ ግን ዋስ ነኝ አለ። እንግዲያስ ና ዝራ አሉት። በማግሥቱ ማሳቸው ታርሶ፣ ምናለ በከተማ ጫማው ትልሙ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን እፍኝ ዘራ። ዘሩን እንደ ዶሮ ጥሬ አንድ ቦታ ላይ ስላፈሰሰው ብዙ ተሳቀበት። ከሰዓት በኋላ አያ ሰጠኝም በሬያቸውን ጠመዱ።

በዚያ ዓመት ጅብራ አፋፍን ማንም አላስነሣውም። ጥቅምት ላይ ዋሳችን እሸት ይቅመስ ብለው ላኩበትና ሄደ። የእማማ ሸዋገነት ገብስ አምሯል። አጠገባቸው ተቀምጦ እሸቱን ሲፈለፍል ልቡ በደስታ ሞላ፤ እንደርሱ ላለ ሰውም ብዙ አወራ።

እማማ ሸዋገነት ወደ ገደሉ አናት ቀና አሉ። ውርጭ የለመዱት የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ ጫፉ ላይ ተገትረዋል፤ ከእነርሱ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። አስታው እየገፋ ከወጣ ጅብራው ወዴት ይሄዳል ብለው ጠየቁት። ምናለ ያችን ጫፍ ፎቶው ላይ ያውቃታል፤ ከቀዩ በላይ የቀረች ቀጭን ቦታ ናት። መሄጃ የለውም አላቸው።

«ታዲያ ለሱስ ማን ዋስ ይሁነው?»

ምናለ እኔ አለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ ጫፏን አየና መልሶ ገጠመው።