የፌርማታ ባለሦስት ጎማ

ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ ምሕረት የለውም። በያጁን ሰፈሩ «ፌርማታ» ይለዋል። ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ በየሃያ እርምጃው ቆሞ የሰው በር ይደገፋል፤ የሚደገፈውን በር ደግሞ አብዛኛውን የበየደው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት በር ሲሠራ እጁ ወርቅ ነበር፤ ትልቁ ኩራቱም የእሱ በር ወልቆ አለማወቁ ነው።

የወርክሾፑ ባለቤት ቁርጡን ነገረው። «ቁጭ ብለህም ቢሆን ትበይዳለህ። ወር እሰጥሃለሁ፤ ብቻ ራስህን ችለህ ና። ሰው ደግፎህ ከመጣህ ግን ቤትህ ይሻልሃል።» ወርክሾፑ ያለው ደግሞ ከዳገቱ ላይ ነው።

ጓሮ ገብቶ ባለፔዳል ባለሦስት ጎማ መሥራት ጀመረ። ጎማውንና ካቴናውን ከአሮጌ ብስክሌቶች ፈታ። ፔዳሉን ከኋላው ጎማ ጋር ቆልፎ በየደው፤ አንዱ ከዞረ ሌላው ሳይወድ በግዱ ይዞራል። እግሩ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው የቀበቶ ማሰሪያ አበጀለት። አካሉንስ ከምን ሠራው? ከበር ብረት! ሌላ መቼ ያውቅና።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ከበደ» ብትለው፣ «ቀጭን ብረት ተሰብሮ ሰፈር ይሳቅብኝ?» ብሎ ዘጋት።

በየቀኑ ጎማዎቹን በድንጋይ ከመሬት አንስቶ ይሞክራል። ረገጥ ሲያደርገው ጎማው ይከንፋል፤ የእሱም ልብ አብሮ ይከንፋል። መሬት ላይ ያወረደው የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ነው። ይህን የሚያህል ሰው እንዲህ ይሞኛል።

ተቀመጠ፣ እግሮቹን አሰረ፣ ረገጠ። ወይ ፍንክች!

«ፌርማታ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ነው?» አለ ደጅ ወጥቶ ከሚያየው ጎረቤት አንዱ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ደግሞ ረገጠ። ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ሄደ። እግሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ እሱም በደስታ እንባው መጣ።

«አየሽ አይደል!» ብሎ ጮኸ፣ ሚስቱ በር ላይ የቀረች መስሎት።

«አየሁ» አለች። ድምጿ የመጣው ከጆሮው ሥር ነው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ዞር አላለም። ፔዳሉ እግሩን እያዞረው እንጂ እግሩ ፔዳሉን እያዞረ እንዳልሆነ ገባው።

«አንቺ ነሽ የምትገፊኝ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? አንተ ነህ እንጂ። ርገጥ!»

የረገጠ መሰለ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ እሷ ቆመች፤ እግሮቹም እዚያው ቆሙ። ከላይ የወርክሾፑ ቆርቆሮ ይታያል፤ የብረት መቁረጫው ድምፅ ይሰማል።

«ትንሽ ልረፍና እንሞክረዋለን» አለች። ላቧ አንገቱ ላይ ጠብ አለ።

«ተይው። ማሰሪያውን ፍቺልኝ።»

እግሩ ሥር ተንበረከከች። እጆቹ ምንም አልሆኑም፤ ጎንበስ ብሎ ራሱ መፍታት ይችል ነበር። ጭኑ ላይ አጣምሯቸው እስክትጨርስ ጠበቀ።