አባቴ በጣቱ ያያት ከተማ

አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ስገባ ሽታው እስከ ዛሬ የእንጨቷን ከተማ ያየንበትን አዳራሽ ይዞብኝ ይመጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባቴን ዐይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሆኖም መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለችውን ማሳችንን በእግሩ ስለሚያውቃት፣ ባቄላው ማበቡን በመዓዛው እየለየ ጠዋት ጠዋት ይዞራት ነበር። የቀረውን እኔን ይጠይቀኛል፤ ማን መጣ፣ የማን በሬ ማሳ ገባ፣ ሁሉን እነግረው ነበር። እስከዚያ ጊዜ አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም ነበር።

በጥር ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ መጥቶ፣ የወደፊቷ አዲስ አበባ በእንጨት ተሠርታ ለሕዝብ እየታየች መሆኗን፣ በእኛ በኩልም መንገድ ያልፋል መባሉን ነገረን። «እንጨቷ ከተማ ላይ ቤቱን ፈልጎ ያጣ ሰው ቶሎ ምትክ መሬት ይጠይቅ ተብሏል» አለ። በማግስቱ አባቴ «ተነሺ፣ ሄደን እንይ» አለኝ።

ከተማዋ አዳራሹ መሐል ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታለች፤ ቤቶቹ ከክብሪት ቀፎ ያንሳሉ። ጠባቂው አባቴ እንደማያይ ሲያውቅ አዘነና «ቀስ ብለው ይዳስሱ፣ አባባ» ብሎ ፈቀደለት። ጣቱን በሰፈራችን በሚያልፈው ወንዝ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ቁልቁል እየተከተለ ሄዶ አቦን አገኛት፣ ጉልላቷን ሲነካም ፈገግ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ከቤተ ክርስቲያኗ በታች ግን፣ ቤታችንና ማሳችን መሆን በነበረበት ቦታ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ ሰፊ መንገድ ብቻ ነበር።

«ቤታችንስ? አለች?» አለኝ።

ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም። አንጀቴ አልቻለም። ከመንገዱ ማዶ የማን እንደሆነች የማላውቃት ትንሽ ቤት ላይ ጣቱን አሳረፍኩና «አለች አባዬ፣ ይቺውልህ» አልኩት። ጣሪያዋን እየደጋገመ ዳበሳት።

በመጋቢት ጋሽ ቱፋና ሌሎቹ ጎረቤቶች ምትክ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ እናቴ «አብረሃቸው ብትሄድ ምናለ?» ብትለው፣ «ልጄ በዐይኗ አይታ፣ እኔ በጣቴ ነክቼ፣ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?» ብሎ ቀረ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ፊቱ ቆሜ አፌ እየተያዘ፣ በልጉ አለፈ። ክረምት ገብቶም አባቴ ማሳውን አሳርሶ ባቄላ ዘራ።

በጥቅምት ዶዘሩ መጣ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ተሳስታችኋል፣ ይቺ ቤት እንጨቷ ከተማ ላይ አለች!» ይላቸው ነበር። ሰዎቹ ሳይሰሙት ዕቃችንን ማውጣት ሲጀምሩ ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ!» አለኝ። ያኔ ነው ለቅሶዬ የገነፈለው፤ ከለቅሶዬም ሁሉም ነገር ገባው። አልተቆጣኝም። ምናለ በመታኝ! ምትክ የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል ስለተባልን፣ ላፍቶ አክስቴ ጓሮ ተጠግተን ኖርን፣ አባቴም እዚያው፣ የሰው ግቢ ውስጥ ሞተ። አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ እኔም ደፍሬ ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ በዚያ መንገድ በታክሲ አልፋለሁ፤ በጠረጴዛው ላይ የሰፋብኝ መንገድ አሁን ጠቦ መኪና አላሳልፍ ይላል። ያኔ እውነቱን ለመናገር ከጥር እስከ ጥቅምት ጊዜ ነበረኝ፣ አባቴም አጠገቤ ነበር። አሁን አፌ ተፈትቷል፤ የምነግረው አባት ግን የለኝም።