ለድንች ያልሆነው አቼቶ

ዴዝሊ ሎውሪ ቢች በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወልዳ እዚያው ያረጀች ሴት ናት፤ የባሕሩ ውሃ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ሲወጣ ያየ ሰው ግን የለም። የዓሣና የድንች ጥብስ የምትሸጥበት ሱቅ ከአሸዋው በላይ ነው፤ በሯ ላይ ቆሞ የተፋ ሰው ማዕበሉን ይመታል እየተባለ ይቀለዳል። ከዚያ በር ወደ ታች የምትወርደው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። የአቼቶ ጠርሙሶቹን ልትሞላ።

እኛ ዘንድ ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ ሙቀቱና ዝናቡ ሲበረታ፣ ባሕሩ የተናዳፊው ነው። የመጽሐፍ ስሙ ጄሊፊሽ ይባል እንጂ እኛ ተናዳፊው ብለን እናልፈዋለን። ራሱ ውሃ መስሎ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ረጃጅም ክሮቹ የነኩት እግር በአለንጋ የተገረፈ ይመስላል፤ ክፉኛ የያዘው ሰው ደግሞ ልቡ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ነው በየመውረጃው ምሰሶ ተተክሎ የአቼቶ ጠርሙስ የሚሰቀልበት። አቼቶ ሕመሙን አያጠፋም። ክሩ ውስጥ የቀረውን፣ ገና ያልተረጨውን መርዝ ግን ባለበት ያስቀረዋል። ቢያሹት ወይም የቧንቧ ውሃ ቢያፈሱበት ይብሳል። ይህን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቀዋል፤ ማወቅና ማድረግ ለየቅል ሆኖብን ነው እንጂ።

ጠርሙሶቹን መሙላት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነበር። ዴዝሊ ግን የማዘጋጃ ቤት ሰው እስኪመጣ የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጆግ ይዛ ትዞራለች። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የምታገኛቸው። የተነደፈ ሰው ኖሮ አይደለም። ድንቹን በወረቀት ጠቅልሎ የመጣ ሁሉ ምሰሶው ሥር ይቀመጥና ጠርሙሱን አውርዶ ያርከፈክፍበታል። እንግዳውም ያገሬውም ሰው ያው ነው። በዕድሜዬ ብዙ ክፋት አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው ግን ደሜን የሚያፈላው የለም፣ ምክንያቱም ክፋት እንኳ አይደለም። ሆዳምነት ብቻ ነው።

እኔ ሌስ እባላለሁ፣ የዴዝሊ ጎረቤት ነኝ። ከባሏ ከቤቫን ጋር ከወጣትነታችን ጀምሮ በአንድ ጀልባ ዓሣ እናጠምዳለን። ያኔ የሰፈራችን የነፍስ አድን ክበብ ወንዶች ባሕር ሲገቡ የሴት ስቶኪንግ ይለብሱ ነበር። አንዱ ለእግር ነው፤ ሌላው መሐሉ ተቀዶ በራስ ይጠለቅና እጅ ይገባበታል። እንዲያ ሆነው ሲሰለፉ ሳቅ ይገድል ነበር፣ ግን ተናዳፊው በዚያ በስስ ጨርቅ አልፎ ሊወጋ አይችልም። ዛሬ ደህና ልብስ ወጥቶለታል፤ የኛ ሽማግሌዎች ግን ስቶኪንጉን አልተዉም። ቤቫን ብቻ አሻፈረኝ እንዳለ አርባ ዓመት ሞላው። እናቴ ወንድ ነው የወለደችው ይላታል። ማን ቀሚስ ልበስ አለህ፣ ስቶኪንግ ነው ያልኩህ ትለዋለች። ኅዳር በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ነው።

የዴዝሊ ታናሽ ወንድም ኪት በልጅነቱ በተናዳፊው እንደሞተ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያኔ የአቼቶ ነገር የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም፣ እኛም ጠይቀናት አናውቅም። ጆጓን ይዛ ስትዞር እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለን እንስቅባት ነበር። ቤቫን ደግሞ ዴዝሊ ከባሕሩ ጋር ተኳርፋለች እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያወራል።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሱና እኔ ጀልባዋን ልናወርድ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ውሃው ደፍርሷል። ዴዝሊ ከሱቋ በር ላይ ሆና ስቶኪንጉን እንዲለብስ ጮኸችበት፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በቁምጣው ገባ። እኔ ጀልባዋ የተጫነችበትን ተሳቢ በመኪና ወደ ውሃው ገፍቼ ገና መሪው ላይ እንዳለሁ፣ እሱ ጭኑ ድረስ ገብቶ ጀልባዋን ይዞ ቆሞ ነበር። አልጮኸም። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ጥርሱን ነከሰ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ሮጬ ገባሁና በብብቱ ይዤ አወጣሁት። ሁለቱ ጭኖቹ ላይ ክሩ ተጠምጥሟል፤ ከሥሩ ቆዳው እየቀላ ይነፋል።

አሸዋው ላይ አስተኛሁትና ወደ ምሰሶው ሮጥኩ። ጠርሙሱ በቦታው ተሰቅሏል። ሳነሳው ቀለለኝ። ክዳኑን ከፍቼ ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት፣ ጠብታ የለውም። ባዶ ነው ብዬ ስመለስ ቤቫን ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ትናንት ማታ ከክበቡ ልጆች ጋር እዚህ ቁጭ ብለን ድንች ስንበላ... ዛሬ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር።»

ጠርሙሱን የምትሞላውን ሴት ስላገባ የራሱ መስሎት ነው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ አንገቱን የሚያንቀው ራሱ ቤቫን ነበር።

ዴዝሊ ጠርሙሱን ገልብጬ ሳራግፍ ከላይ አይታኛለች። ትልቁ የአቼቶ ጀሪካን ጓዳ ተቆልፎበት ነበርና ቁልፍ ስትፈልግ አልቆየችም። ከባንኮኒው ላይ ሽንኩርት በአቼቶ የዘፈዘፈችበትን ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ አቅፋ፣ በዚያ በወፍራም ሰውነቷ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠች መጣች። አጠገቡ ተንበረከከችና ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ ጭኑ ላይ ገለበጠችው። ሽንኩርቶቹ አሸዋው ላይ ተንከባለሉ። እኔን አምቡላንስ ጥራ፣ ከዚያ የጓዳውን በር ስበረውና ጀሪካኑን አምጣ አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳለሁ ቤቫን እርጥብ አሸዋ በእፍኙ ዘግኖ ጭኑን ሊያሽ እጁን ሰደደ። ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቹን በአንድ እጇ ያዘቻቸው።

«አትንካው።»

«እየነደድኩ ነው ዴዝ። በእናትሽ ልቀቂኝ፣ ትንሽ ላሸው።»

«ኪትም እንዲሁ ብሎ ለመነኝ» አለችው። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም አልቀነሰም። «በእርጥብ አሸዋ አሸሁለት። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነው። እኔ ነኝ ያሸሁለት፣ ቤቫን።»

እጁ ላይ የነበረው አሸዋ ረገፈ። ከዚያ በኋላ አልታገላትም።

በሩን በትከሻዬ ሰብሬ ጀሪካኑን አመጣሁ። አምቡላንሱ ከከተማ እስኪደርስ አፈሰሰችበት፤ ክሮቹ ከሞቱ በኋላ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። አንዴ ትንፋሹ ጠፍቶብን ደረቱ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ግን አለ፣ አለ አለችኝ፣ እውነትም ልቡ ይመታ ነበር።

ከሐኪም ቤት ሲወጣ ጭኖቹ ላይ የጅራፍ ሰንበር የመሰለ ጠባሳ ቀርቶበታል። እኔ የሰፈሩ ሰው እስኪሰማ ሰደብኩት። ሆዳም አልኩት፣ ደደብ አልኩት። ዴዝሊ ግን አንድም ቃል አልወጣትም። በዚያው ሳምንት ድንቿን ጠበሰች፣ ጠርሙሶቿን ሞላች። ይህ ነው ቤቫንን የጎዳው። አንድ ቀን ጀልባዋ ላይ ሆነን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦ «አርባ ዓመት ሙሉ ባሕር የምትፈራ መስሎኝ ነበር። የገዛ እጇን ነው ለካ የምትፈራው።»

እኔ መረቡን መፍታት ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጆጉን ይዞ የሚዞረው ቤቫን ነው፣ ያውም ስቶኪንግ ለብሶ። የክበቡ ሰዎች ሲያዩት መቼም አልማሩትም። ቤቫን፣ ቀሚሱስ ይሉታል። ገመድ ላይ ነው፣ አልደረቀም ይላቸዋል። ሱቁ በር ላይ ደግሞ ትልቅ የአቼቶ ጠርሙስ እንደ ውሻ በሰንሰለት አሰረ፤ ድንች የያዘ ሁሉ እስኪጠግብ ያርከፍክፍ፣ የምሰሶውን ብቻ አይንካ ብሎ። አንድ ጎረምሳ የምሰሶውን ሲያወርድ ደርሶበት ቁምጣውን ሰብስቦ ጭኑን አሳየው። ጎረምሳው ጠርሙሱን መልሶ ሰቀለና ድንቹን ሳይጨርስ ሄደ።

ዝናቡም ተናዳፊውም አልፎ ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዴዝሊ ሱቋን ዘግታ ወረደች። ስቶኪንግ ለብሳለች፣ ከላይ የቤቫንን አሮጌ ሹራብ ደርባለች። ማንንም ሳታናግር በእኔ አጠገብ አልፋ ወደ ውሃው ገባች። ቁርጭምጭሚቷን አለፈ፣ ጉልበቷን አለፈ። እኔ መረብ እየጠገንኩ ነበር፤ እጄ ላይ ያለውን መርፌ ረሳሁት። ቤቫን ከምሰሶው ጠርሙሱን አውርዶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመ።

«ሰኔ እኮ ነው» አልኩት። «ምንም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከፈትከው?»

«ለመክፈት ጊዜ እንዳይፈጅብኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ።

ዴዝሊ ውሃው ወገቧ ሲደርስ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቿን እስከ ክንዷ ውሃው ውስጥ ከተተቻቸው። ብዙ ቆየች። እሱም ክዳኑን ሳይገጥም ቆየ።