የውዴ ማስታጠቢያ

ውዴ ሐሙሲት ላይ ሻይ ቤት በነበራት ጊዜ ደንበኞቿን የምትለያቸው በእጃቸው ነበር። የሹፌር እጅ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፤ የነጋዴውን ገመድ አስምሮታል፤ የተማሪው ቀለም አያጣውም። ማንም ይሁን ማን፣ ገብቶ እንደተቀመጠ ውዴ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳፋ ይዛ ከፊቱ ትቆማለች። ውሃውን ቀስ አድርጋ ታፈሳለች፤ እሱም "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፤ ከዚያ ይበላል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖረች።

አውቶብሶቹ ማቆሚያቸውን ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሲያዛውሩ ግን በደጇ የሚያልፈው ሰው እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ለሁለት ሰው ብቻ ሻይ ቀድታ ዋለች። በሳምንቱ ቤቱን ለአከራዩ አስረክባ፣ ጆጓንና ሳፋዋን በነጠላ ጠቅልላ ባሕር ዳር ገባች።

ባሕር ዳር ደግሞ ያን ሰሞን የምግብ መኪና ፍቅር ይዟት ነበር። ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎናቸው ተቆርጦ መስኮት የወጣላቸው አሮጌ ሚኒባሶች እንደ አሸን ፈልተዋል። አንዱ ቀይ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፤ አንዱ ከነመብራቱ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። ወጣቱ በርገሩን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ይበላል፤ እየሄደ ይበላል፤ ባጃጅ እየጠራም ይበላል። ሐሙሲት ላይ መንገድ ለመንገድ የሚበላ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል። ውዴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አየቻቸው።

"ቤት የላቸውም እንዴ እነዚህ ልጆች?" አለች።

ሥራ የሰጣት ክንዱ የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። ሲናገር ይቸኩላል። ሰማያዊ ሚኒባስ አለው፤ የሚሸጠው የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ነው፤ አብሳዩ ጥሎት ከሄደ ሦስት ቀን ሆኖታል። ውዴ የጠበሰችውን አንድ ጊዜ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ።

"እትዬ ውዴ፣ እጅዎ ይባረክ! ሁለት ሳምንት እንሞክር። ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ግን አልዋሽዎትም፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ውዴ "እሺ" አለች። ካልሆነ የት እንደምትሄድ አላወቀችም። ሐሙሲት የተወችው ቤት እንደሆነ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል።

ሥራው አልከበዳትም። ዓሣ መጥበስ ታውቃለች፤ ዳጣውንም ራሷ ትፈጨዋለች። ያስቸገራት መስኮቱ ነው። ከከፍታ ላይ ሆና ስታይ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚታያት እጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሊድያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከባጃጅ ወርዳ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ በእስክሪብቶ ቀለም ተዥጎርጉረዋል። ውዴ የዘረጋችውን ዳቦ መልሳ ሳበችው።

"ታጥበሻል?"

"ኧረ እትዬ፣ ሶፍት አለኝ!"

"ሶፍት ደግሞ መቼ ነው ሰው ያጠበው?"

ይህን ብላ ጆጓን አንሥታ በኋላው በር ወረደች። ሊድያ እየሳቀች ታጠበች። ከኋላዋ ያለው "እኛስ የእንጀራ ልጆች ነን?" አለ። ለእሱም አፈሰሰች፤ ከእሱ ኋላ ላለውም። መስኮቱ ባዶውን ቀረ፤ መጥበሻው ጨሰ።

ከጎን ካለችው መኪና ሳምቡሳ የምትሸጠው ጀሊላ አንገቷን ብቅ አደረገች። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣዋ ነው።

"እትዬ ውዴ! ዓሣዎ ተመልሶ ሐይቅ ሊገባ ነው፣ ይድረሱለት!"

በአራተኛው ቀን ክንዱ መጣ። ሰልፉ ቆሟል፤ አብሳዩ መሬት ላይ ሆና ውሃ ታፈሳለች።

"ይሄ ሠርግ ቤት ነው እንዴ?"

"ሠርግ ቢሆንማ አጋዥ መች አጣ ነበር" አለች ውዴ። ሰልፈኛው ሳቀ። ክንዱ አልሳቀም፤ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ ውዴ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ቶሎ በልቶ ሊሄድ ነው። ካስቆምነው ወደ በርገሩ ይሄድብናል። ካሁን ወዲያ ከመኪናው እንዳይወርዱ። እባክዎ።"

ከቁጣው ይልቅ "እባክዎ" ማለቱ ከበዳት። ዕቃ ሲያጥቡ ለጀሊላ ነገረቻት።

"አልወርድም ብያለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን ላልታጠበ ሰው ልሰጥ ስል እጄ እንቢ ይለኛል።"

ጀሊላ ትሪዋን እያደረቀች "አይውረዱ የተባሉት እርስዎ ነዎት" አለች። "ጆጉም አይውረድ ተብሏል?"

በማግሥቱ ከመስኮቱ በታች በርጩማ ላይ ጆግ፣ ከሥሩ ሳፋ፣ ከጎኑ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተቀመጠ። መጀመሪያ ሁሉም አየት አድርጎት አለፈ። ለራስ እያፈሰሱ መታጠብ ደግሞ አንድ እጅ ብቻ መታጠብ ነው። ከዚያ ሊድያ መጣች። ከኋላዋ የቆሙት አባባ ወልደ ጻድቅ ነበሩ፤ በአካባቢው የታወቁ ጡረተኛ መምህር። ልጅቷ አየቻቸውና አፈረች። ከፊታቸው ታጥባ እሳቸውን ዝም ልትል አልሆነላትም። ጆጉን አነሣች።

"እጅዎን፣ አባባ።"

ሽማግሌው ታጠቡና "እደጊ!" አሉ፤ ዞር ብለውም ከኋላቸው የቆመውን ወጣት "በል አንተ ደግሞ ለእሷ" አሉት። ወጣቱ ለሊድያ አፈሰሰ፤ ለእሱም ከኋላው ያለችው አፈሰሰች። ውዴ ከላይ ሆና እየጠበሰች አየች። ሰልፉ አልቆመም፤ ሰዉ ተራውን ሲጠብቅ ይታጠባል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ እጁ ንጹሕ ነው።

የሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ የሙከራው የመጨረሻ ቀን፣ ሰልፉ እስከ ዘንባባው ዛፍ ደረሰ። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን እያስታጠበ ይከራከራሉ።

"ዓሣ ያው ሥጋ ነው፣ ያስገድፋል።"

"ታዲያ አንተ ለምን ተሰለፍህ?"

"ላጣራ ነዋ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ብቅ ያላለው ክንዱ ከሩቅ የሰዉን ብዛት አይቶ አሁንም ሰልፉ የቆመ መሰለው። እየተጣደፈ ወደ መስኮቱ ሲያመራ ሊድያ ጆግ ይዛ ፊቱ ተገተረች።

"ወንድም፣ ሰልፍ አለ።"

"መኪናው የኔ ነው እኮ!"

"የማንም ይሁን። እጅህን።"

ሰዉ ሁሉ አየው። ክንዱ ሳይወድ ሁለት እጁን ዘረጋ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ታጥቦ ሲጨርስ ሳያስበው "እደጊ" የሚለው ቃል አመለጠው፤ እናቱ ያስተማረችው ነው። ሊድያ ጆጉን አስያዘችው። ከኋላው ቅርጫት የያዙ አንዲት ወይዘሮ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አፈሰሰላቸው።

ውዴ ይህን ሁሉ ከላይ አይታለች፤ ልቧ ግን አላረፈም። የክንዱ እጅ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

"እትዬ ውዴ..." ብሎ ጀመረ።

"መጀመሪያ ብላ" አለችና ዳቦውን ሰጠችው።

እንደ ልማዱ እየሄደ ሊበላ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ተመልሶ ውሃው ያለቀበት ጀሪካን ላይ ተቀመጠና በላ። ሲጨርስ ጀሪካኑን በጣቱ አንኳኳ።

"አንድ አይበቃም። ነገ ሌላ ሁለት ይዤ እመጣለሁ።"

"አልወረድሁም እኮ" አለች ውዴ።

"አይቻለሁ፣ እትዬ። አልወረዱም።"

ጀሊላ ከመኪናዋ እልል አለች። ውዴ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን ጠረገች። "ነገ" ብሏል፤ ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም። ዓሣውን ገለበጠች፤ መስኮቱ ላይ ሌላ እርጥብ እጅ ተዘርግቶ ይጠብቃታል።