ሲሳየነ ዘለለ

ልጅ እያለሁ የአባቴ ስም ጸሎት ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሲሳይ ይባላል። አናጢ ነበር፤ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በተከራዩት የቆርቆሮ ቤት በርና መስኮት ይሠራል። ማታ ሲመጣ ከእሱ ቀድሞ ሽታው ይገባል፤ የሰጋቱራና የኮላ ሽታ። እኔ ጉልበቱ ላይ ወጥቼ ከጸጉሩ መሐል ሰጋቱራ እለቅማለሁ፤ እሱ ደግሞ ከኪሱ በመላጊያ ሲላግ የተጠቀለለ የእንጨት ፍቅፋቂ አውጥቶ ጆሮዬ ላይ እንደ ጉትቻ ያንጠለጥልልኛል። የወርቅ ጉትቻ ካደረግሁ በኋላም ያን ያህል አምሮብኝ አያውቅም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጥምቀት አልፎ፣ «ሐዋሳ ትልቅ ሥራ ተገኝቷል፤ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ላይ በሰው እጅ የሆነ የሆነ ነገር ይልክ ነበር። ከዚያ መላኩን ተወው። ፋሲካ መጣ፣ እሱ አልመጣም። ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ ብቻ «ጥሩወርቅ ሲሳይ» ሲባል የአባቴን ስም እሰማለሁ። «አቤት» የምለው ለእኔም ለእሱም ነበር።

እናቴ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ክረምት ሲገባ ግን የታጠበ ስለማይደርቅ የሚያሳጥብም ይጠፋል። እናቴ ደግሞ ገመናዋን ለሰው የምታወጣ ሴት አልነበረችም። ጎረቤት ስለ አባቴ ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ ይልካል» ትላለች። ቤታችን ስድስት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ሲሆን ቧንቧው አንድ ነው፣ እሱም መሐል ላይ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እናቴ በሩን መለስ ታደርግና ዝም ብለን እንቀመጣለን። ትንሽ ቆይተን እንወጣና ቧንቧው ላይ እጃችንን እንታጠባለን፣ በልቶ እንደጨረሰ ሰው። እሷ አፏንም ትጉመጠመጣለች። «ማንም ቢጠይቅሽ በልቻለሁ በይ» ብላኛለች፤ እኔም ታዛዥ ልጅ ነበርኩ። ሆድ ባዶ ይጠላል ይባላል፤ የእኔ ሆድ ግን ቀስ በቀስ ለመደው።

ጾም ሲገባ ደስ የሚለው ልጅ በልደታ ሰፈር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በፍስኩ ረሃቤ የእኔ ብቻ ነው። በጾም ግን ሰፈሩ በሙሉ አብሮኝ ይራባል፤ ለምን አልበላሽም የሚለኝ የለም፤ ጭራሽ «ጎበዝ፣ ጾሟን አጠናቀቀች» ተብዬ እመሰገናለሁ። በዚያ ክረምት ፍልሰታ ሲገባ የሠፈሩ ልጆች «እስከ ስንት ሰዓት ትጾሚያለሽ?» እያሉ ሲፎካከሩ ማንም አልቻለኝም። የልምምድ ጉዳይ ነዋ!

ያኔ ነው እማሆይ ጸዳለ ዘንድ ጸሎት መማር የጀመርኩት። እማሆይ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ከጥግ ባለችው አንድ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ሲመለሱ ስምንት የምንሆን ልጆች በረንዳቸው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን እንጠብቃቸዋለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኛም ከዝናቡ በላይ እየጮህን አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ በቃላችን እንማራለን። ትርጉም የሚባል ነገር የለም፤ እሳቸው ይላሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ስንጨርስ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን የሰንበቴ ዳቦ ፈትተው ይቆርሱልናል። ሰንበቴ እሁድ እሁድ፣ በፍልሰታ ደግሞ በየቀኑ፣ ማኅበርተኛው ዳቦ ይዞ መጥቶ ከካህናቱና ከነዳያን ጋር የሚቀምስበት ማኅበር ነው፤ እማሆይ ድርሻቸውን እዚያው አይበሉትም፣ ለእኛ ያመጡታል። ጠዋት ሙሉ ነጠላቸው ውስጥ የዋለ ዳቦ የእጣን፣ የሰውነትና የእርሾ ሽታ አለው። እንደሱ ያለ ዳቦ እስከ ዛሬ በልቼ አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ቀን «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» የሚለው ጋ ስንደርስ ክው አልኩ። ሲሳይ! የአባዬ ስም። «ሲሳየነ ዘለለ»፤ በእውነትም ዘሎ ሄዶ የለ? ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ እማሆይ ጠጋ ብዬ «ሀበነ ዮም ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። «ዛሬ ስጠን ማለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ስለ ፊተኛው ግማሽ አልጠየቅኋቸውም። የአባቴን ስም ማን ይተረጉምልኛል? ሲሳያችን ዘሎ ሄደ፣ ዛሬ ስጠን። ይህን ጸሎት ያወጣው ሰው እኛን ያውቀን ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በዓለም ላይ በየቀኑ ይህ ሁሉ ሕዝብ የአባቴን መመለስ እየለመነ መሆኑን ሳስብ ልቤ ሞላ። እንዴት ነው ታዲያ እስካሁን ያልመጣው?

ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በማግስቱም ይበልጥ ከፍ አደረግሁት። ቤትም እናቴ ጠዋት ስትጸልይ አጠገቧ ቆሜ እዚያች ቦታ ላይ እጮሃለሁ። እናቴ ግን «ሀበነ ዮም» ካለች በኋላ ዝም ትልና ወደ መጨረሻው ታልፋለች። «ኅድግ ለነ» የሚለውን፣ ማለትም በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደለንን ይቅር እንደምንል የሚለውን አትለውም። ረስታው ነው ብዬ አንድ ሁለቴ ላስታውሳት ሞከርኩ። አልመለሰችልኝም።

በፍልሰታ ሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ በረንዳው ላይ እንደለመድኩት ስጮህ እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት መታ መታ አደረጉ።

«ቆይ ቆይ ቆይ! ጥሩዬ፣ እዚህች ላይ ስትደርሺ ምን ያስጮኽሻል? እግዚአብሔር መቼ ደንቆሮ ሆነ?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው፣ እማሆይ።»

«ማን? እግዚአብሔር?»

«አይ፣ አባዬ።»

እኔም አስረዳሁ፤ ሲሳይ ማለት አባዬ እንደሆነ፣ ዘሎ እንደሄደ፣ ዛሬ እንዲሰጠን እየለመንን እንደሆነ። መጀመሪያ ከልጆቹ አንዱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ በሳቅ ተናወጠ። ከሁላችን ትልቋ ሰናይት ነበረች፤ ሁሉን ካላወቅሁ የምትል ልጅ። «አንቺ ሞኝ፣ ሲሳይ እኮ ምግብ ማለት ነው! ስትለምኚ የከረምሽው ዳቦ ነው!» አለችኝ።

እማሆይ አልሳቁም። ጠጋ ብለው «አባትሽ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ። ከጥምቀት ጀምሮ አልኳቸው። «የሚልክላችሁስ?» አሉ። እዚህ ላይ በልቻለሁ ማለት፣ ይልካል ማለት ነበረብኝ። ግን የሰናይት ሳቅ አንጀቴን አቃጥሎት ነበርና አፌ አመለጠኝ።

«አይልክም። እኛ እጃችንን ብቻ ነው የምንታጠበው።»

ያን ቀን እማሆይ የቆረሱልኝን ዳቦ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትቼው ሮጥኩ። እኔ ዳቦ አልጠየቅሁም።

እማሆይ ለሰው አላወሩም። ሰባቱ ልጆች ግን ሰባት አፍ ነበራቸው፤ ዝናቡ ሳያባራ ግቢው በሙሉ ሰማ። እናቴ አልመታችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ እጆቿን ስታይ ቆየችና «ገመናዬን አሰጣሽልኝ አይደል» አለችኝ። ልብስ አጣቢ ስለሆነች ይመስለኛል እንዲያ ያለችው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ለሦስት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቧንቧው አልወጣንም። ለሦስት ቀን እኔም አልጸለይኩም። እኔና እግዚአብሔር ተኳርፈን ነበር። አባቴን ስለምነው ዳቦ የሚልክ አምላክ ምን ያደርግልኛል ብዬ።

በአራተኛው ቀን ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ሙሉውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እማሆይ፣ እባክዎን፣ እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም» አለች እናቴ።

«ዝም በይ። ይሄ የእኔ አይደለም፣ የማርያም ነው። ለማርያም አልቀበልም ትያት እንደሆነ ሄደሽ ራስሽ ንገሪያት!»

እናቴ አንገቷን ደፋች። እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ጸሎት ከአንቺ ዕድሜ ጀምሮ ስደግመው አንድም ቀን እንደ አንቺ ከልቤ ጮኼ አላውቅም። ሆዴ ሲጠግብ ልቤ ይተኛል።»

«ተሳስቻለሁ እኮ። ሲሳይ ምግብ ነው።»

«እሱ ግዕዝም አማርኛም ያውቃል፤ የልጅ ቋንቋ ይጠፋዋል? አባትሽን ይመልሰው አይመልሰው እኔ አላውቅም። አውቃለሁ ብልሽ ውሸቴን ነው። ጩኸትሽን ግን ሰምቷል፤ ለእኔም አሰምቶኛል። ስድስት ወር አጠገባችሁ እያደርኩ ያልሰማሁትን።» ቶሎ ብለው ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ለመሆኑ ዳቦው ምን አደረገሽ? አባትሽን ያስቀረው ዳቦው አይደለም። ብዪ!»

በላሁ። መጀመሪያ እያኮረፍኩ፣ ከዚያ እያለቀስኩ፣ ከዚያ ዝም ብዬ። እናቴም በላች። እማሆይ እኛን እያዩ ተቀመጡ፤ «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም ይባላል፤ ያለሱም ግን አይኖርም» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ስንጨርስ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቧንቧው አወጣችኝ። ጣቶቼ ላይ ፍርፋሪ ነበረ። እናቴ አንድ በአንድ አጠበችልኝ፣ ውኃው እስኪቀዘቅዘን ድረስ፤ ዝናብ ይሁን እንባ ፊቷ ላይ የሚወርደውን መለየት አልቻልኩም። ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ነበሩ። ማታ የተከደነ ሳህን ከአንድ በር መጣ፣ በማግስቱ ከሌላ። የሚያመጡት «ቅመሱልን» እያሉ ነው እንጂ «እንካችሁ» እያሉ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እናቴም ሰንበቴ ገባች፤ ተራዋ ሲደርስ የምትጋግረው ዳቦ ከሁሉም ይተልቅ ነበር።

እኔም ከእግዚአብሔር ጋር ታረቅሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ሁለቱንም ነበር የምለምነው፣ ዳቦውንም አባቴንም። ዳቦው መጣ። አባቴ አልመጣም። ግን በረንዳው ላይ ቆሜ ስጮህ የሚሰማኝ አንድ ሰሚ አለ የሚለው ነገር እንደ ዳቦው ሁሉ አጥግቦኛል። ለዚህኛው ረሃብ ስም አላውቅለትም፤ መኖሩን ያወቅሁት ሲጠፋልኝ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከሐዋሳ አንድ ሰው መጣ። የአባቴን መላጊያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። እዚያ ሌላ ቤት፣ ሌሎች ልጆች እንደነበሩት፣ ታሞ እንደሞተ፣ መላጊያውን «ለጥሩወርቅ ስጡልኝ» እንዳለ ነገረን። በማግስቱ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ቆማ ስትጸልይ አጠገቧ ቆምኩ። «ሀበነ ዮም» አለችና ዝም አለች። ታልፋለች ብዬ ስጠብቅ አላለፈችም። «ኅድግ ለነ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ አዲስ እንደምትማር ልጅ። እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ያኔ ረስታው እንዳልነበረ ገባኝ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ቧንቧውም በረንዳውም። እናቴም እማሆይም የሉም። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ማቀዝቀዣዬ ሙሉ ነው። የራበው ስልኩን ይነካና ምግቡ በሞተር በሩ ድረስ ይመጣለታል። ሁላችንም ቧንቧችን በየቤታችን ነው። ማን በልቶ፣ ማን ሳይበላ እጁን እንደታጠበ የሚያውቅ ሰው የለም። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ላይ በኮሪደሩ ሳልፍ ከተዘጉት በሮች ጀርባ ማን ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆን እላለሁ። አንኳኩቼ ግን አላውቅም። እማሆይ ቢሆኑ ሳያንኳኩ ይገቡ ነበር።

መላጊያው መጻሕፍቴ መደርደሪያ ላይ ነው። ምላጩ ሥር አንዲት ፍቅፋቂ ተሰክታ ቀርታለች፤ አላወጣኋትም። አሸትታታለሁ። ምንም አትሸትም፤ እኔ ግን አሸትታታለሁ።

ያለፈው እሁድ ልደታ ማርያም ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ «አባታችን ሆይ» ሲል ልጄ ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝ። ሁሉም «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ይላል፤ እኔ ብቻ በግዕዙ ነኝ፣ ድምፄም ሳላውቀው ከፍ ብሎ ነበር።

«እማዬ፣ ለምን እንደ ሰው በአማርኛ አትይም?»

ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት።

«በአማርኛው ውስጥ የአያትሽ ስም የለም።»