በሎሚ የታጠበው ጩቤ

እትዬ እኔ የምሠራበት፣ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ያለው የአሮጌ ዕቃ መደብር መጥታ አታውቅም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቷ ቤዝመንት ውስጥ ተከራይቼ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ሥራዬን ግን «የሰው ኮተት ማገላበጥ» ከማለት ውጪ ስም ሰጥታው አታውቅም። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ስትገባ ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ብሞት ይሻለኝ ነበር» አለችና በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

ገለጥኩት። ክሪስ የሚባለው የኢንዶኔዥያ ጩቤ ነው፤ ስለቱ እንደ እባብ የሚጥመለመል። አፎት የለውም። ብዙ ክሪስ በእጄ አልፏል፤ ዕድሜውንና የተሠራበትን ብረት መርምሮ መናገር መደብሩ ውስጥ የእኔ ድርሻ ነው። አሮጌ ክሪስ ጥቁር ነው፣ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ መስመሮች ይታዩበታል። ይኼኛው ግን እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል።

«ምን አድርገሽው ነው?»

ቁጭ ብላ ተናገረች። ሀያትስቪል የምትንከባከባቸው ኢንዶኔዥያዊ ሽማግሌ አሉ፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ጩቤው የአባታቸው ነው፣ መሳቢያቸው ውስጥ ይቀመጣል። እትዬ ስለ ጩቤው ለጸሎት እህቶቿ ስታወራ፣ ሰውየውን አልጋ ላይ ያስቀረው መንፈስ ጩቤው ላይ ነው ያለው አሏት። እሷ ደግሞ ሽማግሌውን እንደ አባቷ ነው የምትወዳቸው። አፎቱን መሳቢያው ውስጥ ትታ ጩቤውን ብቻ ቤቷ ወሰደች። እህቶች ተሰብስበው ዘይት ቀቡት፣ ጸለዩበት። በማግስቱ ዘይቱ ጠቁሮ ስታየው ደንግጣ በሎሚና በጨው፣ በድስት ሽቦ ፈተገችው።

«ዛሬ ልጃቸው አፎቱን ባዶ አገኘችውና ኮል አደረገችኝ። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ‹ይኼ የአባቴ አይደለም፣ ቀይረሽዋል› አለችኝ። እስከ ማታ ካላመጣሽ ለፖሊስ ኮል አደርጋለሁ አለች።» እንባዋ መጣ። «በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተባልኩ። አንተ ታውቃለህ አይደል? የሳቸው መሆኑን ንገርልኝ።»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «ማን ንኪ አለሽ? ጥቁረቱኮ ዝገት አይደለም! በአርሴኒክና በሎሚ የሚሠራ ቀለም ነው። የፈተግሽበትን ሽቦ ዛሬውኑ ጣዪው፣ መርዝ ነው።»

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። መጮኼ ቆጨኝ፤ ግን ቃል አንዴ ከአፍ ወጥቷል።

ጩቤውን ይዤ ወደ ጓዳው ገባሁ። ከንዴቴ ይልቅ ፍርሃቴ ይብስ ነበር። ለቱሪስት የሚሠራ አዲስ ክሪስ ሲፈተግ ልክ እንዲህ ነው የሚመስለው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን አዲስ ይዘው አሮጌ መስሏቸው ቢሆንስ? ያኔ እኔ እውነቱን ስናገር እትዬን በገዛ አፌ ማሳሰሬ ነው። ጭራሽ እትዬ ቀይራው ቢሆንስ የሚል ሐሳብም ሽው አለብኝና ራሴን ተጸየፍኩ።

መብራቱን ወደ ጎን አዙሬ ስለቱን አጋደምኩት። ከጎን ሲበራበት መስመሮቹ ብቅ አሉ። በጣቴ ሳስሳቸው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ብረትና ኒኬል ተደራርበው የተቀጠቀጡ ናቸው፤ ለስላሳው ብረት በዘመን ብዛት ተበልቶ ኒኬሉ ቆሞ ቀርቷል። አዲስ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በአሲድ ላይ ላዩን የተሳለ ስለሚሆን ሽቦው ጠራርጎ በወሰደው ነበር። እጀታው ሥር ያለው ሰፊ ግርጌም ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ነው፤ የመጋጠሚያው መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ጠርዙ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል። አሮጌ ነው። ወጥቼ ይህንኑ ነገርኳት፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም፤ ክሪስ አይቶ ዓመት የሚጠራ ሰው ይዋሻል።

«ተመስገን!» አለች እትዬ።

«ቆይ። አሮጌ ነው ማለት የሳቸው ነው ማለት አይደለም። አፎቱን ማየት አለብኝ።»

በመኪናዬ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ እትዬ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ትጸልያለች፣ እኔ ፊት ለፊቴ ያለውን መኪና ሁሉ እራገማለሁ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ይኼ ደግሞ ዘመድሽ ነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ተከራይዋ ነኝ። ሥራዬ ግን ይኼ ነው» አልኳት። «አፎቱን ስጪኝ። አፎት የሚቦረቦረው በአንድ ስለት ልክ ነው። የአባትሽ ካልሆነ አይገባም።»

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልጅቷ አፎቱን ሰጠችኝ። ስለቱ ገባ፣ ገባ፣ ግማሽ ላይ ያዝ አደረገው። ስለቱን ትንሽ መለስ አድርጌ እንደገና ለቀቅሁት። ግርጌው አፎቱ አፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ የለውም።

«እሱ ነው» አልኳት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መጋጠሚያውን ለረጅም ጊዜ አየች። «ታዲያ እንዲህ ያበላሸው ማነው?»

«ወዲህ አምጡት» አሉ ሽማግሌው።

ነቅተው ኖሯል። ጩቤውን መዘዝ አድርገው አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት።

«ሎሚ» አሉ። «አገራችን በየዓመቱ በሎሚ እናጥበዋለን። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ግን ማንም አጥቦት አያውቅም። ማነው ያጠበው?»

እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። ፈርቼው ነው።»

«እኔም እፈራዋለሁ» አሉ። «አባቴም ይፈራው ነበር። የምናጥበው ለዚህ ነው።»

ወደ አፎቱ መልሰው ወደ እሷ ዘረጉላት፤ መሳቢያው ውስጥ እንድታስቀምጥላቸው። የማትቀበል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከታላቅ ሰው እጅ እንደሚቀበሉት፣ ዝቅ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች።

ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች።

«እኔን እንኳ አስነክተውኝ አያውቁም» አለች፣ ቀስ ብላ።