ሉል ያጠለቀችው እኔ

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጃንሆይ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ጭነት ሊያመጣ አሰብ እንደሄደ ቀረ። ሞቷል የሚል የለ፣ አለ የሚልም የለ። ኮልፌ ገበያ ጀርባ በተከራየናት ክፍል ውስጥ እኔና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፉ ቀረን። ሲሰለቸኝ ሌላ ፊት ማየት አማረኝና የራሴን መልክ በሥዕል ላሠራ ተነሣሁ።

የሰፈራችን ሰዓሊ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። በርጩማ ላይ አስቀምጠው ፊቴን ከጨረሱ በኋላ አንገቴ ጋ ሲደርሱ ብሩሻቸውን ገታ አደረጉ።

«የሉል ሐብል ላድርግልሽ? እዚህ የምትመጣ ሴት ሁሉ ሉል አድርጉልኝ ነው የምትለው።»

«እኔ እኮ ሉል የለኝም፣ ጋሼ።»

«እነሱስ መች አላቸው!» ብለው ሳቁና የፈረንጅ ሥዕሎች ያሉበት አሮጌ መጽሐፍ ገለጡልኝ። «ይቺ ሙሽራ ናት፤ ሉሉ ንጽሕናዋ ነው። ይቺኛዋ ባለጸጋ ናት፤ ሀብቷ ነው። ይቺ ጥቁር የለበሰችው ደግሞ ባሏ ሞቶባታል፤ የሷ ሉል እንባዋ ነው ይላሉ። ያንቺን ምን ብዬ ልሣለው?»

 ባለትዳር ነኝ እንዳልል ባሌ የለም፤ ሞቶብኛል እንዳልል ማን ቀበረው?

«ባዶውን ይተዉት» አልኳቸው።

ሥዕሉን ከፎቶግራፉ ጎን ሰቀልኩት። ራቴን ስበላ ሁለቱም ያዩኛል።

በክረምቱ አንድ የባሌ የሥራ ባልደረባ ቤቴ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ «እህቴ፣ አትጠብቂው» አለኝ።

«ሞተ?»

«አልሞተም። አሰብ ትዳር ይዟል፤ ልጅም ወልዷል።»

መጀመሪያ የተሰማኝ በሕይወት የመኖሩ ደስታ ነበር። እንግዳዬ ያፈላሁለትን ሻይ ሳይጨርስ ደስታዬ አለቀ።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልዬ ሰዓሊው ዘንድ ወሰድኩት።

«ሉሉን ይሣሉልኝ።»

«የየትኛዋን?»

«የማንንም አይደለም፣ ጋሼ። ስለሚያምር ብቻ።»

ቀና ብለው አዩኝና ሌላ ሳይጠይቁ ነጭ ቀለም በጠበጡ።

ቤት ስገባ የባሌን ፎቶግራፍ አውርጄ ሥዕሉን ብቻውን ሰቀልኩት። ከከፋ አገር መጥታ ቅመም የምትነግድ ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

«ይቺ እመቤት ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

እኔንና ሥዕሉን እያፈራረቀች አየች። «ውይ፣ እውነት?» አለችና ወንፊቱን ይዛ ወጣች። በሩን ዘግቼ ለአንድ ሰው የምትበቃ ሽሮ ጣድኩ።